ከልጁ ቦርሳ የወጣው ወረቀት

[መግቢያ ሙዚቃ፤ ለጥቂት ሰከንድ ይሰማና ቀስ እያለ ይወርዳል]

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የሚነሳው ከልጆቻችሁ የትምህርት ቤት ቦርሳ ሥር ተጨማድዶ ከሚገኝ አንድ ወረቀት ነው። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ ልጅ የምታስተምሩ ታውቁታላችሁ። ከላይ ፊቷ በቢጫና በሰማያዊ ዱቄት የተሸፈነ ሕፃን ፎቶ አለ፤ ከታች ደግሞ ስምና የዶላር መጠን የሚጻፍበት ሠንጠረዥ። «ከለር ረን» ይላል፤ የቀለም ሩጫ። አንብባችሁ ሳትጨርሱ ልጁ ከአጠገባችሁ ቆሞ፣ «እማዬ፣ ነጭ ቲሸርት ግዢልኝ፤ ቀለም ሊረጩብን ነው» ይላል።

እኔ የመጀመሪያውን ዓመት 20 ዶላር ፖስታ ውስጥ ከትቼ መለስኩና ተገላገልኩ። በሁለተኛው ዓመት የልጄ አስተማሪ ደውላ፣ አዘጋጅ ኮሚቴው ሰው አጥቷልና እባክሽ ነይ አለችኝ። እንግሊዝኛዬን ፈርቼ ሥራዬን ሰበብ ላደርግ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሄድኩ። ጠረጴዛውን ከበው አምስት እናቶችና አንድ አባት ተቀምጠዋል። የሚነጋገሩት ከማን ምን ያህል ይጠየቃል፣ ማን ይመዘግባል፣ ገንዘቡን ማን ይይዛል በሚለው ጉዳይ ነው። ይህን እኮ እናቴ እድር ስትሰበሰብ ከአጠገቧ ቁጭ ብዬ ስሰማው ያደግሁት ነገር ነው! ያን ምሽት ገንዘብ ያዥ ሆኜ ወጣሁ። ዛሬ ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ። «ዘ ከለር ረን» የሚባለውን የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ትራቪስ ስናይደር የተባለ ሰው መሥርቶ በጃንዋሪ 2012 በአሪዞና ግዛት በቴምፒ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ አካሄደ። ሰዓት አይያዝም፤ አንደኛ ሁለተኛ የለም። ሯጩ ነጭ ለብሶ ይነሳል፤ መንገድ ላይ በየጣቢያው አንድ አንድ ቀለም እየተረጨበት ያልፋል። ያ ሩጫ የንግድ ድርጅት ሥራ ነው። ትምህርት ቤቶች ግን ሐሳቡን ወስደው ወደ ሜዳቸው አመጡትና የገንዘብ ማሰባሰቢያ አደረጉት።

ቀለም መረጫጨቱ ራሱ ከዚህ ሁሉ እጅግ የቆየ ነው። ሕንዶችና ኔፓሎች የክረምቱን ማለፍና የጸደይን መግባት በሆሊ በዓል ሲያከብሩ ጉላል የሚሉትን ባለ ቀለም ዱቄት ይረጫጫሉ። በድሮው ሥርዓት ቀለሙ የሚወጣው ከዛፍ አበባና ከእርድ ነበር። እርድ ልብስ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በልጆቻችን ክፍል ውስጥ ሆሊን በቤታቸው የሚያከብሩ ልጆች አሉ። አስተማሪዎቹ ከሩጫው በፊት ስለ በዓሉ ለአሥር ደቂቃ እንዲያወሩ ጠይቁ፤ ከተቻለም ከቤተሰቦቹ አንዱ መጥቶ ይንገራቸው። የሰው በዓል ተወስዶ ባለቤቱ ሳይጠራ ሲቀር ደስ አይልም።

ለማሸነፍ ያልሆነ ሩጫ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የመሠረተው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ2001፣ በእኛ አቆጣጠር በኅዳር 1994 ዓ.ም.፣ በ10,000 ተሳታፊዎች ሲጀመር ከፊት ለውድድር የሚሮጡት ጥቂቶች ነበሩ። የቀረው ሕዝብ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ እየጨፈረ፣ እየዘፈነ፣ ሲደክመው እየተራመደ ነው 10 ኪሎ ሜትሩን የሚጨርሰው። የቀለም ሩጫም መንፈሱ ይኸው ነው። እዚህ አገር በተወለዱ ልጆቻችን ላይ ደግሞ አንድ ሸክም አለ፤ ጓደኞቻቸው «ኢትዮጵያዊ አይደለህ? ፈጣን ነህ ማለት ነው» ይሏቸዋል። ልጄ በሦስተኛ ክፍል የስፖርት ቀን አምስተኛ ወጥታ መኪና ውስጥ እስከ ቤት ድረስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። የቀለም ሩጫ የተካሄደ ቀን ግን ስንተኛ እንደወጣች የጠየቃት የለም። አንገቷ ሥር ስንት ቀለም እንዳለ ነበር የምትቆጥረው።

[አጭር ሙዚቃ]

አሁን ወደ ገንዘቡ። ብዙ ሰው ገንዘቡ የሚገኘው በሩጫው ቀን ይመስለዋል። ልጆቹ መነሻው መስመር ላይ ሲቆሙ ግን የገንዘቡ ሥራ አልቋል። የሚሰበሰበው ከዚያ በፊት ባሉት ሦስትና አራት ሳምንታት፣ ያች ወረቀት ከቤት ወደ ቤት ስትዞር ነው።

ቃል የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ በዙር ነው። አጎት «ለእያንዳንዱ ዙር 2 ዶላር» ብሎ ይፈርማል፤ ልጁ 6 ዙር ይሮጣል ብሎ አስቧል። ሜዳው ትንሽ፣ ልጁ ብርቱ ሆኖ 30 ዙር ቢያዞር አጎት 60 ዶላር ሊከፍል ነው። አጎት ይከፍላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ስልክ አያነሳም። ስለዚህ እኔ ሁለተኛውን መንገድ፣ ማለትም ቁርጥ ያለ መጠንን እመርጣለሁ፦ 10 ዶላር፣ 25 ዶላር፣ ሰው እንደ አቅሙ። ሒሳቡም ይቀላል፤ ከሩጫው በኋላ ገንዘብ ፍለጋ የሰው በር ማንኳኳትም አይኖርም።

ሁለተኛው ነገር ወጪው ነው። ሁሉን ነገር ይዘው መጥተው ሩጫውን የሚያካሂዱ ድርጅቶች አሉ። ሥራ ያቀልላሉ፤ ከተሰበሰበው ግን ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ፈቃደኛ ሰው ካላችሁ በራሳችሁ አድርጉት። ከዚያም ዱቄቱ፣ ቲሸርቱና ውኃው ከስፖንሰር ይሸፈን፤ የልጆቹ ዶላር ቀለም አይግዛ። ይህን ለማድረግ ደግሞ ከእኛ የተሻለ ማን አለ? ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ውስጥ ስንት የሀበሻ ምግብ ቤት፣ እንጀራ አከፋፋይ፣ የጥርስ ሐኪም፣ የታክስ ሠራተኛ እናውቃለን? በ300 ልጆች ጀርባ ላይ ስሙ የሚታተምለት ነጋዴ ብዙ ጊዜ እምቢ አይልም፤ እስካሁን ያልሰጠው ሄዶ የጠየቀው ሰው ስለሌለ ነው። ስትሄዱ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፦ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል፣ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ፣ ስሙ የት እንደሚወጣ።

የወላጆችና መምህራን ማኅበሩ፣ ፒቲኤው፣ በበጎ አድራጎት ድርጅትነት የተመዘገበ ከሆነ ስጦታው ከታክስ የሚቀነስ ሊሆን ይችላል፤ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ደግሞ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ሠራተኛቸው ለበጎ አድራጎት የሰጠውን ያህል የሚጨምሩ መሥሪያ ቤቶችም አሉ። ሆስፒታልም ሆነ ባንክ የምትሠሩ፣ የሠራተኛ ጉዳይ ክፍላችሁን «የሠራተኛን ስጦታ ማች ታደርጋላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሬ ገንዘብ ሁልጊዜ በሁለት ሰው ይቆጠር፣ ሁለቱም ይፈርሙ፣ ሳያድር ባንክ ይግባ። ይህ ያለመተማመን ጉዳይ አይደለም፤ ገንዘብ ያዡን ከሐሜት የሚጠብቀው ይኸው ነው።

ፒቲኤ ለእኛ አይሆንም የሚል ስሜት ያላችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህ ማኅበር በ1897 እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በሁለት ሴቶች፣ በአሊስ ማክሌላን በርኒና በፊቢ አፐርሰን ኸርስት አነሳሽነት ሲመሠረት ስሙ የእናቶች ጉባኤ ነበር። ቋንቋውም ቢሆን መላ አለው። የሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚልኩትን መረጃ ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በዲሲም የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ። ወረቀቱ በአማርኛ እንዲመጣላችሁ፣ በስብሰባም አስተርጓሚ እንዲኖር ጠይቁ።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ከሩጫው በፊት ባሉት ሳምንታት አንዳንድ ቦታ ብዙ ያመጣ ልጅ ስሙ ኮሪደር ላይ ይለጠፋል፤ አንደኛ ለወጣው ብስክሌት፣ ሁለተኛ ለወጣው ጌም ይሰጣል። እናቱ ሁለት ፈረቃ የምትሠራ፣ ዘመድ የሌለው፣ ከመጣ ገና ስድስት ወሩ የሆነ ልጅ ያን ኮሪደር በየቀኑ ያልፋል። ስሙን ይፈልጋል። የለም። ያ ልጅ ሩጫው ሳይደርስ ተሸንፏል። በእኛ ኮሚቴ ረጅም ክርክር ተደርጎ የተወሰነው እንዲህ ነው፦ ግቡ የትምህርት ቤቱ የጋራ ግብ ይሁን። ፖስታው ባዶም ይሁን ሙሉ፣ ታሽጎ ይመለስ። ቲሸርቱ ገንዘብ ላመጣም ላላመጣም ለሁሉም ልጅ እኩል ይሰጥ። ሽልማት ካለም ለሁሉም ይሁን፦ ግቡ ከተሞላ ርዕሰ መምህሯ ራሷ መሐል ሜዳ ትቁምና ልጆቹ ቀለም ይርጩባት። እመኑኝ፣ ከብስክሌቱ ይልቅ ይኼ ነው ልጆቹን ያስጮኻቸው።

[አጭር ሙዚቃ]

ዱቄቱ። መሠረቱ ብዙ ጊዜ የበቆሎ ስታርች ነው፤ ሾርባ ለማወፈር የምንጠቀምበት፣ ሱቅ ውስጥ ኮርን ስታርች የሚባለው። በእሱ ላይ ለምግብ የተፈቀደ ቀለም ይጨመርበታል። ለጥቂት ልጆች ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል፤ ስታርቹን በውኃና በምግብ ቀለም ለውሶ፣ አስጥቶ፣ ሲደርቅ መፍጨት ነው። ለትምህርት ቤት ሙሉ ግን ግዙት። ስትገዙ ምን እንዳለበት በዝርዝር የተጻፈበትን፣ ለቆዳ የማይጎዳ መሆኑ የተገለጸውን ምረጡ፤ ለግድግዳና ለጨርቅ የተሠራ ማቅለሚያ ልጅ ላይ አይረጭም። እኛ ለአንድ ልጅ ግማሽ ፓውንድ እናሰላለን። ለ300 ልጆች 150 ፓውንድ ማለት ነው፤ በባለ 25 ፓውንዱ ካርቶን 6 ካርቶን።

ቀጥሎ ያለውን ቆም ብላችሁ ስሙኝ። በጁን 27 ቀን 2015 ታይዋን ውስጥ በኒው ታይፔ ከተማ በሚገኝ የውኃ መዝናኛ ፓርክ የቀለም ድግስ ነበር። ውኃው በፈሰሰ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ወጣቶች ተሰብስበው ሲጨፍሩ የተረጨው ባለ ቀለም የስታርች ዱቄት በእሳት ተያያዘ። 15 ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 500 የሚሆኑ ቆሰሉ። ብዙዎቹ ክፉኛ ተቃጥለው ነበር።

እንዴት ዱቄት ይቀጣጠላል ትሉ ይሆናል። ግንድ በክብሪት አይያያዝም፤ ፍቅፋቂው ግን ወዲያው ይነድዳል። ነገር በደቀቀ ቁጥር አየር በሁሉም በኩል ያገኘዋል። ስታርች ካርቶን ውስጥ ተቆልሎ ሳለ ጸጥ ያለ ነው። አየር ላይ እንደ ጉም ሲበተን ግን እያንዳንዷ ቅንጣት በአየር ተከብባ ትንሽ ፍም ለመሆን የተዘጋጀች ናት። አንድ ትኩስ ነገር ካገኛት ለጎረቤቷ ታቀብላለች፤ ያም በቅጽበት ነው። ጉሙ የሚወጣበት ካጣ፣ ቦታው የተከለለ ከሆነ፣ የባሰ ይሆናል።

ስለዚህ የቀለም ሩጫ የሚካሄደው ሜዳ ላይ፣ ነፋስ በሚያልፍበት ክፍት ቦታ ብቻ ነው። ዝናብ ከመጣ ወደ ጂም እንግባ የሚል ሰው ይነሳል፤ በየዓመቱ ይነሳል። መልሱ አይሆንም ነው። ቀኑ ይዛወር፤ ተለዋጭ ቀን ከመጀመሪያው ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። በጣቢያዎቹ አካባቢ ሲጋራ፣ የሥጋ መጥበሻ፣ ጄኔሬተር አይኑር። እናቶች ሆይ፣ የቡናውን ነገር አውቃለሁ፤ ለእንግዶቹ ቡና ብናፈላ እንዴት ደስ ይላል! ግን የከሰሉ ምድጃና የእጣኑ ማጨሻ ቀለም በሚረጭበት አጠገብ አይቀመጡም። በሌላ ቀን እናፈላለን፤ ወይም ቤት ፈልቶ በፔርሙስ ይምጣ።

[አጭር ሙዚቃ]

የሩጫው ቀን። ፈቃዱ፣ ኢንሹራንሱ፣ የሜዳው ማስያዣ ቅጽ ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት የሚጀመር ሥራ ነው፤ ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ይነግሯችኋል። ቀን ስትመርጡ ግን የእኛን አቆጣጠር የሚያውቅ ሰው ጠረጴዛው ላይ ከሌለ ስቅለት ላይ ይጥሉታል። የእኛ ፋሲካ ከእነሱ ፋሲካ ብዙ ጊዜ እንደሚለይ፣ ረመዳን በየዓመቱ ቀደም እያለ እየመጣ ትልልቆቹ ልጆች ጾመው ሊሮጡ እንደሚችሉ የምትናገሩት እናንተ ናችሁ። ለሯጮች የሚቀርበውም ብርቱካንና ሙዝ ቢሆን ከሥጋና ከወተት የሚጾመውንም የማይጾመውንም ያስማማል።

አራት ጣቢያ ይበቃል። በየጣቢያው ቀለም የሚረጩት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ተማሪ ለመመረቅ 75 ሰዓት የአገልግሎት ትምህርት ማሟላት ስላለበት፣ ሥራው አስቀድሞ ከጸደቀ ሰዓቱ ይያዝላቸዋል። ግን አሠልጥኗቸው። እኛ በመጀመሪያው ዓመታችን ካርቶኖቹን ከፍተን ሰጠናቸውና ተለየናቸው። መዋዕለ ሕፃናትና አንደኛ ክፍል ሲያልፉ ልጆቹ ሲስቁ እያዩ እነሱም እየሳቁ ዱቄቱን ጨረሱት። መጨረሻ ላይ የተነሱት ሁለተኛ ክፍሎች ወደ ቢጫው ጣቢያ ሲደርሱ ባዶ ካርቶን ነው የጠበቃቸው። አንዲት ትንሽ ልጅ ሩጫዋን አቁማ ቲሸርቷን በሁለት እጇ ወጥራ ወደ ታች አየች። ንጹሕ ነጭ ነበር። ከዚያ ቀና ብላ ጣቢያው ላይ የቆመውን ልጅ ዝም ብላ አየችው። ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። አሁን ዱቄቱን በዋዜማው በፕላስቲክ ከረጢት እየመዘንን የክፍሉን ስም እንጽፍበታለን። የሁለተኛ ክፍል ከረጢት የሚከፈተው ሁለተኛ ክፍል ሲመጣ ነው።

የሚረጨው ከወገብ በታች ወይም ጀርባ ላይ ነው፤ ፊት ላይ በፍጹም። እያንዳንዱ ልጅ መነጽር ያድርግ፤ ርካሹ የፕላስቲክ የፀሐይ መነጽር ይበቃል። ኮንታክት ሌንስ ያደረገ ያውልቅ። አስም ያለበት ልጅ ካለ ወላጁ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር፤ ኢንሄለሩ ከነርሷ ዘንድ ሜዳው ላይ ይገኝ። ቀለም ለማይፈልግ ልጅ ደግሞ ጣቢያዎቹን የሚዞር ንጹሕ መንገድ አስምሩ፤ ድምፅ፣ ብናኝና ግርግር የሚረብሻቸው ልጆች አሉ፤ እነሱም የትምህርት ቤቱ ልጆች ናቸው። በዚያ መንገድ ላይ የሳሙና አረፋ የሚነፋ ሰው አቁመን ነበር፤ ግማሹ ትምህርት ቤት በዚያ በኩል ካልሄድን አለ።

ለቤት ሥራ የሚሆን ደግሞ ይኸውና። ሹሩባ የተሠራች ልጅ ፀጉሯን በሻሽ እሰሩላት፤ ቀለሙ መስመሩ ውስጥ ከገባ መልቀሙ ቀን ይፈጃል። ፊትና አንገት ላይ ስስ አድርጋችሁ ቫዝሊን ወይም የኮኮናት ዘይት ቀቡ። ሲጨርሱ ውኃ አታስነኩ! መጀመሪያ በደረቁ ይራገፍ፤ ውኃ ቀለሙን ያሠርጸዋል። ከተራገፈ በኋላ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ከዚያ በሳሙና። መኪናችሁ ወንበር ላይ አሮጌ አንሶላ አንጥፉ። ሜዳውም እንደዚሁ ነው፤ አስፋልት ላይ የወደቀውን በመጥረጊያ ጠርጋችሁ አንሱት እንጂ በውኃ ወደ ጎርፍ መውረጃው አትልቀቁት። እዚህ አካባቢ ያ መውረጃ ወደ ጅረቶቹ፣ ከዚያም በፖቶማክ ወይም በአናኮስቲያ በኩል እስከ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይደርሳል።

አንድ ነገር ቀረ፤ ብዙ ኮሚቴ ደክሞት የሚረሳው። በሳምንቱ ውስጥ አንድ ገጽ ደብዳቤ ለሁሉም ቤት ይላክ፦ ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ በቀረው ይህ ተገዛ። በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽ፣ በአማርኛ። ባለፈው ዓመት የእኛ ደብዳቤ ሲደርስ የጎረቤቴ ልጅ ይዞት መጣ። ገንዘቡ የቤተ መጻሕፍቱን ወለል ምንጣፍና ሁለት መደርደሪያ መጽሐፍ ገዝቶ ነበር። እናቱ አማርኛውን ጮክ ብላ እያነበበች፣ እሱ በእንግሊዝኛው ላይ ጣቱን እያስከተለ አብረው ጨረሱት። «ምንጣፉ አረንጓዴ ነው» አላት፤ «ቁጭ ብዬበታለሁ።»

[መውጫ ሙዚቃ]